ያሸግኩት ዘቢብ

ሰው በብዙ ነገር ስሙ ይጠፋል። አንዱ በመጠጥ፣ አንዱ በሴት፣ ሌላው የጎረቤት ድንበር ገፍቶ። የኔ ስም የጠፋው በዘቢብ ነው። ሳቁ፣ ግድ የለም፤ እኔም በመጀመሪያው ሳምንት ስቄ ነበር።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ሰበታ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ እሱም የኔን ስም ከመዝገቡ ካወጣው ቆይቷልና ተካክሰናል። ሥራዬ ደብዳቤ መገልበጥ፣ ማስታወቂያ መለጠፍ፣ አለቃዬ ባላምባራስ ሲያስነጥሳቸው ደግሞ ከሁሉም ቀድሜ «ይማርዎ» ማለት ነበር። በሦስተኛው ሥራ የሚወዳደረኝ አልነበረም።

ያን ጊዜ በሰበታ የደረቀ ፍራፍሬ ማለት ዘቢብና ቴምር ማለት ነው። ዘቢቡን የምትገዛው ቤተ ክርስቲያን ናት። ዲያቆናቱ በውሃ ዘፍዝፈው ይጨምቁትና ለቁርባን ይቀርባል፤ ያለ ዘቢብ ቅዳሴ የለም። ቴምሩን የሚገዙት ሙስሊሞቹ ናቸው፤ በረመዳን ጾማቸውን ሲያፈጥሩ መጀመሪያ የሚቀምሱት እሱን ነው። ሁለቱንም የሚሸጡት ደግሞ አንድ ሰው፣ ሐጂ ከድር ነበሩ። ፂማቸው ነጭ፣ ሚዛናቸው እውነተኛ፣ ንግግራቸው ቁጥብ። የደብራችን ንብረት ጠባቂ ቄሰ ገበዝ ተክሌ በሱቁ በር ብቅ ሲሉ ሐጂ ቃል ሳይሰሙ ይመዝኑላቸዋል፤ ማን፣ መቼ፣ ምን ያህል እንደሚፈልግ ያለ ወረቀት ያውቁት ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ሌላ ዘቢብ የሚገዛ በከተማው ውስጥ አንድ ሆዳም ብቻ ነበር፤ ከምሳ በኋላ በጋዜጣ ቁራጭ አስጠቅልሎ እየቆረጠመ ቢሮ የሚገባ። እኔ ነኝ።

እንግዲህ ፍልሰታ ጾም በተፈታ በሳምንቱ ከአዲስ አበባ መመሪያ መጣ። «የደረቁ ፍራፍሬዎች አቅርቦትና የገበያ ፍላጎት ሚዛናቸውን ይጠብቁ ዘንድ» ብሎ ይጀምራል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ባነበብኩት ቁጥር ይበልጥ እያማረኝ ሄደ። ፍሬ ነገሩ ዋጋው ከዚህ አይለፍ፣ ልዩ ፈቃድ የሌለው ባለሱቅ ከጥቂት በላይ አያከማች፣ ያከማቸ ቢገኝ ውሳኔ እስኪሰጥበት ይታሸግ የሚል ነው። ባላምባራስ ከመሳቢያቸው ቀይ የማሸጊያ ሰምና ማኅተም አውጥተው ሰጡኝ። ማኅተሙን ስጨብጥ ቁመቴ የጨመረ መሰለኝ።

መጀመሪያ የወጣሁት ገበያ ነው። አንዲት ሴትዮ የደረቀ በርበሬ ከምራ ተቀምጣለች። ቆሜ አሰብኩ። በርበሬ ፍሬ ነው? ነው። ደርቋል? ደርቋል።

«ይሄ የደረቀ ፍሬ ነው አይደል?» አልኳት።

«ታዲያ እርጥቡን ማን ይፈጨዋል?» አለችኝ።

ሮጬ ባላምባራስን ጠየቅኩ። «እንደ ሁኔታው እይ» አሉኝ። ተመልሼ ሁኔታውን ሳይ ሴትዮዋ ጃንጥላዋን ዘግታ፣ ጫፉን ወደኔ አድርጋ ይዛዋለች። በርበሬን ተውኩትና ወደ ሐጂ ከድር ሱቅ ሄድኩ።

ሐጂ ለፍልሰታ ያለቀውን ለመተካት በዚያው ሳምንት አንድ ጆንያ ዘቢብ አስመጥተዋል፤ አጠገቡ አንድ ሣጥን ቴምር አለ። መመሪያውን ቆሜ አነበብኩላቸው። ድምፄን ከፍ ያደረግኩት ሐጂ ጆሯቸው ስለሚከብድ አይደለም፤ በሩ ላይ ሰው ስለተሰበሰበ ነው።

ሐጂ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። «ልጄ፣ ይሄ የተጻፈው ዋጋ እኔ ካመጣሁበት በታች ነው። በዚህ ከሸጥኩ ሁለተኛ አላመጣም።»

«መንግሥት አስቦበታል» አልኩ።

«ይሁን። ዘቢቡ የማን እንደሆነ ግን ታውቃለህ? የቄሰ ገበዙ ነው። ነገ ከነገ ወዲያ ይመጣሉ።»

«እንግዲያው ቄሰ ገበዙ ያመልክቱ!»

ይህን ስል አንዱ ከበር ላይ «አቤት አቤት» አለ። አድናቆት መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ። ጆንያውንና ሣጥኑን ወደ ማዕዘኑ አስጠግቼ በገመድ አሰርኩ፤ ገመዱን ግድግዳው ላይ በሚስማር መትቼ ሰሙን አፈሰስኩበት።

«እዚያ ጣራው ያፈሳል» አሉ ሐጂ።

«የመንግሥትን ማኅተም ዝናብ አይደፍረውም» አልኳቸው። እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ እንደወጣ ሳስታውስ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ይግላል።

አሁን ወደ ቤቴ ልውሰዳችሁ። አባቴ ኦቦ ደበላና እናቴ አስካለ በሽማግሌ ከተጋቡ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። እናቴ በዚህ ሁሉ ዘመን የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በቁርባን እንጋባ። ቆርቦ የተጋባ በሞት እንኳ አይለያይም ብላ ታምናለች። አባቴ እንቢ ብለው አያውቁም። «መከሩ ይግባ» ይላሉ፤ መከሩ ይገባል። «ሙግቴ ይለቅ» ይላሉ፤ ሙግቱ ያልቃል። እውነተኛውን ምክንያታቸውን ያወቅኩት አንድ ቀን ማሳ ላይ ነው። «የቆረበ ሰው አይሳደብም ይላሉ» አሉኝ እርፉን ደገፍ ብለው። «በሬ ሳልሳደብ እንዴት አድርጌ ነው የማርሰው?»

አሳማኝ ነበር። አባቴ በኦሮምኛም በአማርኛም ይሳደባሉ፤ በሬዎቹ ሁለቱንም ቋንቋ ለምደውታል።

በዚያ ክረምት ደረታቸውን ያዛቸው። እናቴ ጤና አዳምም ፌጦም ሞከረች፤ ሐኪሙ መርፌ ወጋቸው፤ አለቀቃቸውም። መስከረም በጠባ በማግስቱ ጠዋት ፀሐይ ላይ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠው፣ «አስካለ» አሉ።

«አቤት» አለች እናቴ። ጎመን ትቀነጥስ ነበር።

«እንቁረብ።»

እናቴ ጎመኑን አስቀምጣ ወደ ጓሮ ሄደች። ቆየች። ስትመለስ ፊቷን ታጥባለች። «መቼ?» አለች።

እኔ ደስታዬን አልቻልኩትም። በሩጫ ሄጄ ለቄሰ ገበዝ ተክሌ ነገርኳቸው። «እሰይ! ደበላ?» አሉ። «በሬዎቹን ማን ሊሰድብላቸው ነው?» ስቀው ሳይጨርሱ ፊታቸው ተለወጠ። «ዘቢብስ?»

«ምን ዘቢብ?»

«ያለፈው እሑድ ቅዳሴ መታጎሉን አልሰማህም?»

አልሰማሁም። ያለፈው እሑድ እውነቱን ልንገራችሁ ተኝቼ ነበር። በፍልሰታ ሕፃን ሽማግሌው ሲቆርብ የደብሩ ዘቢብ ተሟጦ፣ የቀረችው ጭብጥ ደግሞ በቀጣዮቹ ቀናት አልቃለች። ሌላ ለመግዛት ሐጂ ዘንድ ቢሄዱ ታሽጓል። የጎረቤት ደብሮችን ቢለምኑ ሁሉም ያለችውን በጨርቅ ቋጥሮ ሣጥን ውስጥ ቆልፎባታል። ሕዝቡ ጎሕ ሳይቀድ መጥቶ፣ ጸሎት ብቻ ተደርጎ፣ ሳይቀደስ ተበተነ። ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ስወጣ ሁለት አሮጊቶች በአገጫቸው አመለከቱኝ። «ያሸገው ይሄ ነው» አለች አንዷ። ሌላዋ ለማማተብ ቸኮለች።

ቄሰ ገበዙ በር ድረስ ሲሸኙኝ «አባትህ በዚህ ደረት እስከ መቼ ይቆያሉ?» ብለውኝ ነበር። ለቁርባኑ የቀጠሩልን ከዚያን ቀን አንሥቶ ሁለተኛው እሑድ ነበር። ወደ ሌላ ደብር እንዳንወስዳቸው ደረታቸው መንገድ አይችልም።

በማግስቱ ባላምባራስ ፊት ቆምኩ። «ጌታዬ፣ የሐጂ ከድርን ዘቢብ ልክፈተው?»

ባላምባራስ መመሪያውን አወጡና መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉ። «ማሸግ የኛ ነው። መክፈት ግን የበላይ ነው። እዚህ ላይ 'ይከፍታል' የሚል ካየህ አሳየኝ።» ፈለግኩ። አልነበረም። ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ አንብቤው አንድም ቀን መክፈቻውን አልፈለግኩም።

ማመልከቻ ጻፍኩና አዲስ አበባ ወረድኩ። ጉዳዩን የያዙት ሹም ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ከግርማዊነታቸው ሥዕል ሥር ተቀምጠዋል። ለግማሽ ቀን ደጅ ጠንቼ ገባሁ።

«ዘቢቡ የታሸገው በፍራፍሬነቱ ነው ወይስ በንዋየ ቅድሳትነቱ?» አሉኝ።

ይህን አላጠናሁም። «በጆንያነቱ ነው ጌታዬ» አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። «ማመልከቻህ ላይ ቴምብር የለም።»

«ቴምሩም አብሮ ታሽጓል ጌታዬ።»

ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ቴምብር ነው ያልኩህ፤ ቴ-ም-ብ-ር። የሚለጠፈው።» ከኋላዬ የቆሙት ባለጉዳዮች ሳቁ። ቴምብር ገዝቼ፣ ለጥፌ፣ እንደገና ተሰልፌ ስመለስ ሌላ ነገር አዘዙኝ፤ ደብሩ በዓመት ምን ያህል ዘቢብ እንደሚፈልግ በደብዳቤ ይግለጽ። አቅርቦቱ ከፍላጎቱ ጋር ተመዛዝኖ ይወሰናል።

ቄሰ ገበዙ ይህን ሲሰሙ መቋሚያቸውን መሬት መቱበት። «የሚቆርበውን ሰው ቁጥር ልናገር? በዚህ ዓመት ማን ንስሐ እንደሚገባ፣ ማን እንደሚወልድ፣ ማን እንደሚሞት እኔ ነቢይ ነኝ?» ቢሆንም ስለ አባቴ ብለው ተቀምጠው ጻፉ። ከብዙ ማውጣት ማውረድ በኋላ «እግዚአብሔር በፈቀደው መጠን» አሉና ማኅተማቸውን አደረጉበት። ይዤው ወረድኩ። ሹሙ አነበቡት። ከግርጌው «መጠኑ ይገለጽ» ብለው ጽፈው መለሱልኝ።

አንዱ ሳምንት በዚህ አለቀ። ቤት ስገባ አባቴ ሳል በሳል ሆነው፣ «አካም፣ እንዴት ሆነ? ተከፈተ?» ይሉኛል። «ሊከፈት ነው» እላለሁ። እናቴ ነጭ ቀሚሷን አጥባ፣ አጣጥፋ፣ መደቡ ጫፍ ላይ አስቀምጣዋለች። ቀሚሱን እንዳላይ ፊቴን አዙሬ እቀመጥ ጀመር።

ከዚያ የማላስበውን ነገር አሰብኩ። የታሸገ ዘቢብ አለ፤ ያልታሸገም አይጠፋም፤ በድብቅ ልግዛ። ሕገ ወጥ ነጋዴ ልይዝ የወጣሁት ሰው ሕገ ወጥ ገዢ ሆኜ ተነሣሁ።

መጀመሪያ ዓለም ገና ሄድኩ። ስሜ ቀድሞኝ ደርሷል። ባለሱቁ ከሩቅ ሲያየኝ ስኳሩን ከመደርደሪያ አወረደ፤ ስቀርብ ጨውን፤ በሩ ላይ ስደርስ ሻማና ክብሪቱን። ባዶ መደርደሪያ ፊት እጁን አጣምሮ ቆመ።

«ዘቢብ ትንሽ አታጣም?»

«ምንም የለኝም ጌታዬ።»

«ለራሴ ነው። አባቴ ሊቆርቡ ነው።»

«እግዚአብሔር ያድርስዎ» አለኝ፤ በቅን ልብ ይመስለኛል። በሩን ግን ዘጋብኝ።

ብልጥ ሆኛለሁ ብዬ በማግስቱ ጋቢ ተከናንቤ በአዲስ አበባ በኩል ቡራዩ ወጣሁ። ወደ ገፈርሳ በሚወስደው መንገድ፣ ባሕር ዛፉ መሐል ባለች ሱቅ አንዲት ወፍራም ሴትዮ ተቀምጣለች። ዝናቡ ጋቢዬን አርሶት እንደ ጆንያ ከብዶኛል። «ዘቢብ» አልኳት በሹክሹክታ። ግራ ቀኝ አየች። «ማን ላከህ?» አለችኝ። «ማንም» አልኩ። ከሥር ጎንበስ ብላ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ጥቁር፣ የተጨማደደ፣ ትንንሽ። ሽቱ ሽቱ የሚል ሽታም አለው፤ ዘይት ቀብታዋለች መሰለኝ። የጠየቀችኝን ሁሉ ሰጠኋት። ደስታዬ መጠን አልነበረውም፤ እስከ ቡራዩ ከተማ በዝናብ እያፏጨሁ ወረድኩ።

ቄሰ ገበዙ ወረቀቱን ፈቱት። አንዷን አንሥተው በጥርሳቸው ነከስ አደረጓት። ፊታቸው እንደ ፍሬው ተጨማደደ። ተፉ።

«ይሄ ኮሽም ነው» አሉ።

ለካ ዘቢብ ከጠፋ ወዲህ ቡራዩ አካባቢ አዲስ ንግድ ተከፍቷል። ሰው አጥሩ ላይ የበቀለውን ኮሽም ለቅሞ፣ አድርቆ፣ ዘይት ቀብቶ ዘቢብ ነው እያለ ይሸጣል። መመሪያው ሚዛኑን ሊያስጠብቅ የመጣበት አቅርቦት ይህ ሆነ። ከኔ በላይ የተጎዱት ግን ቄሰ ገበዙ ናቸው፤ ኮሽሙ ጥርሳቸውን አጥርሶት እስከ ማታ አፋቸውን መግጠም አልቻሉም።

ሐሙስ ሆነ። እሑድ ሦስት ቀን ቀረው። አንገቴን ደፍቼ ሐጂ ከድር ሱቅ ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቅ ነበር፤ አፌ አልታዘዝ አለኝ። ሐጂ ሚዛናቸውን እየወለወሉ ቀና አሉ።

«አባትህ እንዴት ናቸው?» አሉ።

«ደህና አይደሉም።»

«ሱሉልታ የሚስቴ ወንድም አለ። ሱቅ አለው። ዘቢብ አያጣም ነበር። ስሜን ጥራለት።»

አርብ ጎሕ ሲቀድ ወጣሁ። እንጦጦን በጭነት መኪና ላይ፣ በሳር እስር መሐል ተቀምጬ ተሻገርኩ። ሱሉልታ ስደርስ ከብርዱ የተነሣ እጄ አልዘረጋ ብሎኛል። ሱቁን አገኘሁት። በሩ ላይ ሰው ተሰብስቧል። ወደ ውስጥ አንገቴን ሳስገባ አንድ ቀጭን ጎልማሳ ጸሐፊ በአንድ እጁ ወረቀት፣ በሌላው ቀይ ሰም ይዞ ቆሟል። «የደረቁ ፍራፍሬዎች አቅርቦትና የገበያ ፍላጎት ሚዛናቸውን ይጠብቁ ዘንድ» ይላል። ድምፁን ከፍ አድርጓል። ጣቶቹ በሰም ቀልተዋል። ሰሙ የፈሰሰበት ጆንያ ገና ይጨሳል።

መሐላቸው ገብቼ ለመንኩት። እኔም እንዳንተ ጸሐፊ ነኝ አልኩት። አባቴን ነገርኩት፣ ደረታቸውን፣ እሑድን፣ ሠላሳ ዓመቱን። ከልቡ አዳመጠኝ። እንደውም ዓይኑ የራሰ መሰለኝ።

«በጣም ያሳዝናል» አለኝ። «ያመልክቱ።»

ያን ጊዜ ነው በሰበታ በሩ ላይ ቆሞ እንደነበረው ሰውዬ እኔ ራሴ «አቤት አቤት» ያልኩት። አድናቆት አልነበረም።

ቅዳሜ ጠዋት ቤት ስደርስ አባቴ ከመደቡ አልተነሡም። እናቴ ራሳቸውን በክንዷ ደግፋ ውሃ ታጠጣቸዋለች። «ኢልማ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «ካልሆነ ይቅር። እሷን ብቻ አስቆርቧት።»

እናቴ ቀና ብላ አላየችኝም። «ብቻዬን ምን ልሁን ብዬ?» አለች ለራሷ እንደምትናገር።

በቀጥታ ሐጂ ሱቅ ሄድኩ። ገበያ ቀን ነው፤ ሰው ይተራመሳል። በማዕዘኑ ተንበርክኬ የራሴን ማኅተም በቢላዋ ሰበርኩት።

ሐጂ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ልጄ! ታሳስረኛለህ!»

በሩ ላይ ወዳለው ሰው ዞር ዞር ብለው አዩ። ያን ጊዜ ነው ሰውዬው ምን ያህል ሲፈሩ እንደከረሙ የገባኝ። ወረቀት አወጣሁና «ማኅተሙን የሰበርኩት እኔ ነኝ፤ ባለሱቁ እጃቸው የለበትም» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ፤ ሁለት ሰው አስፈረምኩና ሰጠኋቸው። ከዚያ ጆንያውን ፈታሁት።

ጠረኑ አስቀድሞ ወጣ። ጣራው አፍስሷል። የክረምቱ ውሃ በጆንያው ትከሻ እየገባ ስንት ቀን ሲወርድ ከርሟል። ላዩ አረንጓዴ፣ መሐሉ ጭቃ። እጄን እስከ ክርኔ አስገብቼ ሳወጣ ሻጋታ ብቻ ይዞ ወጣ። እዚያው ቁጭ አልኩ። አለቀስኩ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? በገበያ ቀን፣ በርበሬ ሻጯ ሴትዮ እያየችኝ።

ሐጂ ከድር ሰፌድ አመጡ። ከጆንያው ሥር፣ ከግድግዳው ከራቀው ጎን ትንሽ ደረቅ ነገር ዘርግፈው፣ መሬት ተቀምጠው መልቀም ጀመሩ። ቄሰ ገበዙ ተጠርተው መጡ፤ ካባቸውን ሰብስበው ከጎናቸው ተቀመጡ። እኔም ተጠጋሁ። ሦስታችን ስንለቅም ዋልን። ሐጂ አንዷን ወደ ብርሃን አንሥተው፣ «ይቺስ?» ይላሉ። ቄሰ ገበዙ ጠጋ ብለው አይተው፣ «ንጹሕ ናት» ወይም «አይ፣ ነካ አድርጓታል» ይላሉ። ከዚያ ሁሉ ጆንያ ሁለት ጭብጥ ወጣ።

ልሄድ ስነሣ ሐጂ በዓይናቸው ማዕዘኑን አመለከቱኝ። የቴምሩ ሣጥን ማኅተሙ ሳይነካ አለ። እሱ ቆርቆሮ ስለሆነ ውሃ አልገባበትም። «እሱስ?» አሉ በቀስታ። «ረመዳን ደርሷል።»

ቸኩዬ ነበር። «ገና ሦስት ሳምንት አለው» አልኩ። «እሱን በሕጉ መሠረት አስፈቅዳለሁ።»

ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ዘቢቤን ታቅፌ ሮጥኩ።

እሑድ አባቴን አራት ሰው በቃሬዛ ተሸክሞ ቤተ ክርስቲያን አደረሳቸው። እናቴ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ከጎን ትሄዳለች፤ አንድ እጇን ከቃሬዛው አላነሣችም። ተቀደሰ። ቆረቡ። የሰው ዓይን ሁሉ እነሱ ላይ ስለነበር ለአንድ ቀን እኔን የሚጠቁም አልተገኘም።

ስንመለስ መንገዱ ጭቃ ነው። ከተሸካሚዎቹ አንዱን አዳለጠውና ቃሬዛው ወደ ጎን አዘነበለ። አባቴ አፋቸውን ከፈቱ። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ያ ስድብ በሁለቱም ቋንቋ ተሰልፎ ሲመጣ በዓይናቸው ውስጥ ታየኝ። ዋጡት። አፋቸውን መልሰው ዘጉ። እናቴ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። አባቴም በዓይናቸው ሳቁ፤ ለመሳቅ ትንፋሽ አልነበራቸውም።

ረቡዕ ጠዋት አረፉ።

ባላምባራስ ለቅሶ መጡ። ከድንኳኑ ገብተው ተቀመጡ፤ ንፍሮ ዘገኑ፤ ስለ አባቴ ደግነት ተናገሩ። ሊሄዱ ሲነሡ ከካፖርታቸው ኪስ ፖስታ አወጡ። «ከሠልስቱ በኋላ ብታነበው ይሻላል» አሉኝ። እዚያው አነበብኩት። የመንግሥት ማኅተም በመስበር ከሥራዬ መሰናበቴን ይገልጻል። ማስነጠስ ያዛቸው። ከልማድ የተነሣ «ይማርዎ» አልኳቸው።

የፈረምኩት ወረቀት ሐጂን ከእስር አዳናቸው። ሣጥኑን ግን ሊያድነው አልቻለም። በኔ ቦታ የተተካው ጸሐፊ በመጣ በሁለተኛው ቀን የቴምሩን ማኅተም ፈትሾ፣ በላዩ ሌላ ማኅተም ጨመረበት። እኔ የማስፈቀድ ሥልጣን ቀርቶ የቢሮውን ደጅ የማለፍ ፈቃድ አልነበረኝም። በግሌ ሁለት ጊዜ አመለከትኩ፤ ቴምብሩን አልረሳሁም። መልስ አልመጣም። የደረቀ ፍራፍሬ የሚያመጣ ነጋዴም በዚያ ዋጋ ሰበታን ረስቷታል።

ረመዳን ገባ። አንድ ምሽት፣ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል በሐጂ ሱቅ በኩል ሳልፍ ጠሩኝ። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ልጎበኛቸው አፍሬ ነበር። ከሱቁ ጓዳ ምንጣፍ ላይ ከሚስታቸው ጋር ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው አንድ እንጎቻና አንድ ጣሳ ውሃ አለ። ተቀመጥ አሉኝ፤ ተቀመጥኩ። አዛን ሲሰማ ሐጂ ጣሳውን አነሡ፤ «ቢስሚላህ» ብለው በውሃ አፈጠሩ። ለሚስታቸው ሰጧቸው። እሳቸውም በውሃ።

«ትናንት ለአባትህ ዱዓ አድርገንላቸዋል» አሉኝ።

ማዕዘኑን ላለማየት ብዙ ታገልኩ። «ሐጂ» አልኩ በመጨረሻ፣ «ያን ቀን ቴምሩንም መክፈት ነበረብኝ።»

ምንም አይደለም ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ። እንደዚህ ያለ ነገር ሲባል ሰው ምንም አይደለም ይላል፤ እኔም ይህንኑ ልሰማ ሳይሆን አይቀርም የተናገርኩት።

ሐጂ እንጎቻውን ቆረሱ፤ ግማሹን ፊቴ አኖሩልኝ።

«ነበረብህ» አሉና ውሃውን አቀበሉኝ።